አሜን ፈቃድ አይደለም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሆቴሉ ሠራተኞች በግ አርደው ሸኙኝ። ምሳው እንዳበቃ አንዱ አስተናጋጅ ብድግ ብሎ «ጋሽ ሞላ፣ ከሠራኸው ሁሉ ትልቁን ሥራህን ንገረን» አለኝ። ሰው ሁሉ ጄኔሬተሩ የተቃጠለበትን ሌሊት ወይም ከጉድጓድ የሰመጠውን ፓምፕ ያወጣሁበትን ቀን የማወራ መስሎት ወንበሩን አስጠጋ። እኔ ግን «ትልቁ ሥራዬ እኔ በሌለሁበት ቀን የተሠራው ነው» አልኋቸው። ሳቁብኝ። ሽማግሌ ቀልድ አማረው ብለው ነው። ቀልድ አልነበረም፤ ያን ለት ግን መዘርዘሩን ተውሁት። አሁን ጊዜ ሞልቶ ተርፎኛልና ልጻፈው።

የውሃ ሞተር ሰው ነኝ። ስሜም ሞላ ነው። ለውሃ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም፤ ከዚህ የባሰም አይገኝም። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ በሞላ ቁጥር አንዱ ከታች «ሞላ!» ብሎ ይጮሃል፣ እኔ «አቤት!» እላለሁ። በዚህ ምክንያት ከመሰላል ልወድቅ የደረስሁበትን ጊዜ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ትውልዴ ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ከፍ ብሎ ካለ ደጋ ነው። ሥራ የጀመርሁት ግን ትክል ድንጋይ በምትባል ከተማ፣ የከተማውን ውሃ በምታወጣ አንዲት አሮጌ ሞተር ነው። ደሞዙ ለወሬ አይመችም። ዕድሌ ግን ከደሞዙ ይበልጥ ነበር፤ አለቃዬ አያ ደሴ ነበረና። አያ ደሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሰው ጋር ሲሆን ዝምተኛ፣ ከሞተር ጋር ሲሆን ወሬኛ ሰው ነበር። ሞተር ከመንካቱ በፊት ያዳምጣል። ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጣና ጫፉን ከሞተሩ ገላ፣ እጀታውን ከጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። የምትዞርበት ኩሽኔታ ያለቀ እንደሆነ ጎርናና ድምፅ በካቻቢቴው ሽቅብ ይመጣል። «ስማ፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው» ይለኛል። መጀመሪያ ምንም አይሰማኝም ነበር። ቆይቶ ግን መስማት ጀመርሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተር ዋሽቶኝ አያውቅም።

ሌላም ልማድ ነበረው። አንድን ሥራ ሲያስተምረኝ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። እኔ ብሎኑን አጥብቄ ልሰብረው ስደርስ እንኳ፣ ከንፈሩን ነክሶ ይቆማል እንጂ እጁን አያመጣም። «እጄን ወደ ፊት ካደረግሁት ያንተን ሥራ ይሠራብሃል፤ ያኔ እኔ ስሞት ውሃውም ይሞታል» ይል ነበር። እኔ በልቤ ‹ይኼ ሰው ሊያግዘኝ ሰንፎ ነው› እላለሁ። ያ የተጣመረ እጅ ምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

እዚያ ሳለሁ ፈቃድ ማለት ቀላል ነገር ነበር። የዓመት ፈቃድህን በወረቀት ትጠይቃለህ፣ ይፈረምልሃል፣ ትሄዳለህ። አያ ደሴ ጡረታ ሲወጣ እኔም ጎንደር ገባሁ። ከተማው ሆቴል በሆቴል እየሆነ ነበር፤ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሆቴል ሁሉ ከመሬት በታች ማጠራቀሚያ ይቆፍራል፣ ጣራው ላይ ሮቶ ይሰቅላል፣ በሁለቱ መካከል እንደ እኔ ያለ ሰው ይቀጥራል። የግል ሆቴል ግን ነገሩ ሁሉ በአፍ ነው። ቅጥሩም በአፍ፣ ስንብቱም በአፍ። እኔ ደግሞ ለዚህ አፍ አልነበረኝም።

የመጀመሪያውን ሆቴል ባለቤት ስም አልጠራም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጸሎተኛ፣ እንግዳ አክባሪ ሰው ነው። በቀጠረኝ ሰሞን አባቴ አረፈ። አባቴ የሥላሴ ጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሰባት በተራ ይደግሳሉ፤ የእኛ ቤት ተራ ጥር ነው። ባለተራው በዕለቱ ከቤቱ ተገኝቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ጽዋውን ይዞ ማኅበሩን ያስተናግዳል። ጽዋውን አንዴ ከተቀበለ እሺና እምቢ የለም። የአባቴ ቦታ ለእኔ ተላለፈና ጥር ሥላሴ ከማንም አለቃ በፊት የተያዘ ቀኔ ሆነ።

ችግሩ ጥር ሥላሴ ከጥምቀት በፊት መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን የጎንደር ሆቴል አልጋ ቀርቶ ኮሪደሩም ይሞላል። እናም ገና እንደተቀጠርሁ ሰውየውን ግቢ ውስጥ አገኘሁትና በአገሬ ትሕትና «ጌታዬ፣ እግዜር ቢፈቅድ ለጥር ሥላሴ አገር ቤት ገብቼ የአባቴን ተራ ባወጣ ደስ ይለኛል» አልሁት።

«አሜን! አሜን! ሥላሴ ይርዱህ!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ለእናቴ «ተፈቅዶልኛል» ብዬ ላክሁባት። እሷም ለማኅበሩ ሁሉ ተናገረች። ጥር ባተ፤ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ከሆቴሉ በር ስወጣ ሰውየው ከመኪናው ወረደ።

«ወዴት ነው?»

«አገሬ ነዋ፣ ለሥላሴ።»

«በጥምቀት? ማን ፈቀደልህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! አሜን አሉኝ።»

ሰውየው ደነገጠ። «አንተ ሰው፣ አሜን ለማንም እላለሁ! ለማኝ ‹እግዜር ይስጥህ› ሲለኝም አሜን እላለሁ! ፈቃድ መሰለህ እንዴ?» አለና ሻንጣዬን በራሱ እጅ ወደ ውስጥ መለሰው።

ቀረሁ። ጥር ሥላሴን ከፓምፑ ቤት ባልዲ ደፍቼ ተቀምጬ ዋልሁ። ፓምፑ ምንም አልሆነ። አንዴ እንኳ አላስነጠሰውም። ውሃው ይወጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ አንዱ «ሞላ!» ይላል፣ እኔ አቤት ለማለትም አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ብሎን አላጠበቅሁም። እዚያ ተቀምጬ የጠበቅሁት፣ ጠባቂ የማያስፈልገውን ነገር ነው።

እናቴ ቤት የሆነውን የሰማሁት ከጥምቀት በኋላ ስሄድ ነው፤ እሷ አልነገረችኝም፣ ጎረቤት ነው የነገረኝ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ቄሱ «ባለተራው የታለ?» ብለው ጠየቁ። እናቴ «መንገድ ላይ ነው» አለች። ጸሎት ተደረገ፣ ማዕዱ ቀረበ፣ እንደገና ጠየቁ። «መንገድ ላይ ነው።» ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ደጅ ደጁን እያየች ይኸንኑ ስትል ዋለች። በመጨረሻ ጠላውን የቀዳው ጎረቤት ነው። ማኅበሩም ሲበተን ሽማግሌዎቹ፣ ለከርሞ ከዚህ ቤት የሚቆም ወንድ ከታጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አሉ፤ ወረፋ የሚጠብቅ አለና።

እናቴ እኔን ስታይ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ምነው ልጄ፣ ታመህ ነው?»

«አልታመምሁም፣ እምዬ። አልፈቀዱልኝም።»

«ሳትነግራቸው ቀርተህ ነው?»

«ነግሬያቸው ነበር።»

«እንግዲያ አልሰሙህም» አለች። ከዚያ ስለ ላሞቹ ታወራኝ ጀመር። እኔ ከቤቱ ጀርባ ዞሬ አለቀስሁ። በዕድሜዬ አባቴን ስቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም።

ጎንደር ስመለስ ሥራውን ተውሁት። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ ትክል ድንጋይ ወረድሁና አያ ደሴን ከጤፍ ተራ አጠገብ አገኘሁት። በግ ሊሸጥ ወጥቶ ነበር። ነገሬን እስክጨርስ ድረስ የበጉን ገመድ ይዞ ሰማኝ።

«እስቲ ድገመው። ምን ነበር ያልኸው?»

«እግዜር ቢፈቅድ ለሥላሴ አገሬ ብገባ ደስ ይለኛል አልሁት።»

«እሱስ?»

«አሜን አለ።»

አያ ደሴ ሳቁ አመለጠው። በጉም ደነገጠ። «ታዲያ ሰውየው ምን በደለ? ጸሎት ነገርኸው፣ ጸሎትህን ተቀበለልህ! ሸጋ ሰው ነው እንጂ!»

ተናደድሁ። «አያ፣ እኔ እኮ ቤቴ ሊፈርስ ነው!» አልሁት።

ሳቁን ዋጥ አደረገው። የበጉን ገመድ ለጎረቤቱ አቀበለና ፊት ለፊቴ ቆመ። «እንግዲያ ስማኝ። ፈቃድ ስትጠይቅ ቆብህን አውልቅ፣ ከበሩ ላይ ቁም። የምትሄድበትን ቀን ንገረው። የምትመለስበትን ቀን ንገረው። በቦታህ የሚቆመውን ሰው ንገረው። እግዜር ቢፈቅድን ከበሩ ውጭ ተዋት፤ ስትወጣ ታገኛታለህ፤ ያኔ እንደልብህ በላት።»

«መቼ ነው የምነግረው?»

«ቁልፉን ሳትቀበል ነዋ! ቁልፍ ከተቀበልህ ወዲያ ልመና ይሆናል። ሳትቀበል ከነገርኸው ግን ውል ነው።» በጉን መልሶ ያዘና ጨመረ፦ «በቦታህ የሚቆመው ሰው ደግሞ በእውነት መቆም አለበት። እጅህን ወደ ኋላ ማጣመር ታውቃለህ፤ ከኔ አይተኸዋል።»

በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ሴት የሆቴል ባለቤት የውሃ ሞተር ሠራተኛዋ ጥሏት ስለሄደ ሰው እንደምትፈልግ ሰማሁ። እትዬ አልጋነሽ ይባላሉ። ባላቸው ከሞተ በኋላ ሆቴሉን ብቻቸውን ያቆሙ ናቸው፤ የከተማው ደላላ ሁሉ የሚፈራቸው። ስሄድ ከጠረጴዛቸው ላይ የፓምፑ ቤት ቁልፍ ተቀምጧል። ከኪሴ ውስጥ ግን የወሩ ቤት ኪራይ እንኳ አልነበረም፤ ሥራውን እንዴት እንደምፈልገው እኔ ነኝ የማውቀው።

«ነገ ጀምር» አሉና ቁልፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

እጄ ወደ ቁልፉ ሊሄድ ሲል ያዝሁት። ወደ በሩ ተመልሼ ቆምሁ፤ ቆቤን አወለቅሁ። «እትዬ፣ ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት የማልኖርበትን ቀን ልንገርዎ። ጥር አምስት ጠዋት እሄዳለሁ፤ ጥር ዘጠኝ ማታ፣ ለከተራ ዋዜማ እመለሳለሁ። አገሬ ጃናሞራ የሥላሴ ጽዋ ተረኛ ነኝ። ሥራውን ሳላውቅ በፊት የተያዘ ቀን ነው።»

ምላሴ ‹እግዜር ቢፈቅድ› ልትል ተዘጋጅታ ሳለ በጥርሴ ያዝኋት።

እትዬ አልጋነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ገና ሳትገባ መውጫህን ትነግረኛለህ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያውም በጥምቀት ሰሞን! ካልፈቀድሁስ?»

«ካልፈቀዱማ ዛሬውኑ ልወቀው። ጥምቀት ገና ነው፣ ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ አለዎ። ያን ጊዜ ድንገት ከምጠፋብዎ ይሻላል።»

«ውሃዬንስ ማን ያወጣልኛል?»

«እኔ በሌለሁበት የሚያወጣ ሰው ከዚህ ግቢ አሠለጥናለሁ። ማን እንደሆነ ገና አላውቅም፤ ከመሄዴ በፊት ግን ፊትዎ አቁሜ አሳይዎታለሁ።»

ቁልፉን አነሡና ወደ እኔ ወረወሩት። ቀለብሁት። «ተፈቅዷል። ነገር ግን ስማኝ፣ አንድ እንግዳ ሳሙና ተቀብቶ ውሃ ቢጠፋበት ከዚያው ከጃናሞራህ እንዳትመለስ!»

ደረጃውን ስወርድ ‹እግዜር ቢፈቅድ›ን ከበሩ ውጭ አገኘኋት። መንገዱን ሙሉ ስላት ሄድሁ።

የሚቆመውን ሰው ፍለጋ ግቢውን ስዞር መጀመሪያ ያሰብሁት ዘበኛውን ነበር። እሱ ግን የሞተር ድምፅ ሲሰማ ይተኛል። አንድ ቀን ውሃ ለአፍታ ተቋረጠና ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጩኸት ሰማሁ። አጣቢዋ የሺ ናት። ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ሆኖ ወጥታ «ማነው ውሃዬን የነካው!» ትላለች። ‹ውሃዬን› ነው ያለችው። በዚህ ግቢ ውሃው የእኔ ነው የሚል ሰው ከእሷ ሌላ የለም። ሰው አገኘሁ አልሁ።

«እኔ አጣቢ ነኝ፣ ጋሽ ሞላ። ሞተር አልነካም። ይገድለኛል» አለችኝ።

«ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጮኸው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያ ከመጮህሽ በፊት የምታደርጊውን ላሳይሽ።»

ፓምፑ ውሃ ከማጠራቀሚያው የሚስበው በአንድ ቧንቧ ነው። ከቧንቧው ጫፍ፣ ከውሃው ውስጥ፣ ፉት ቫልቭ የምንላት አንዲት ክዳን አለች፤ ውሃ ወደ ላይ ታሳልፋለች፣ ወደ ታች አትመልስም። እሷ ካረጀች ፓምፑ በቆመ ቁጥር ውሃው ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ፓምፑም ሆዱ ባዶ ይሆናል። ባዶ ሆዱን ካስነሡት አየር ያኝካል እንጂ ውሃ አይስብም፤ ይግላል፣ ጎማው ይቃጠላል፣ ያበቃለታል። መድኃኒቱ ማጥፋት፣ ከላይ ያለችውን ቡሽ ፈትቶ በባልዲ ውሃ ማጠጣት፣ አረፋው ሲያልቅ ገጥሞ እንደገና ማስነሣት ነው። ፉት ቫልቯን ቀየርሁ። ግን አዲስ ነገርም አንዲት ጠጠር ከገባባት ያው እንዳሮጌው ነው፤ ስለዚህ የሺ ማወቅ ነበረባት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሆን ብዬ የፓምፑን ውሃ አፈሰስሁና «አስነሺው» አልኋት። እጄን ወደ ኋላ አጣመርሁ። አስነሣችው። ወዲያው ያ ደረቅ ጩኸት መጣ። ጣቶቼ ከኋላዬ እርስ በርሳቸው ተናነቁ፤ ማብሪያው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። አያ ደሴ ያን ሁሉ ዘመን ምን እንደቻለ ያን ጊዜ አወቅሁ። የሺ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች፣ ዘልላም አጠፋችው።

«ምን ሆነ?» አልኋት።

«እህል የሌለበት ወፍጮ ይመስላል! ባዶውን ነው የሚፈጨው!»

ካቻቢቴዬን አውጥቼ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። ልሄድ ስል እትዬ አልጋነሽን ጠርቼ የሺን ፊታቸው አቆምሁ፤ አጠፋች፣ አጠጣች፣ አስነሣች። እትዬም ሲወጡ ለየሺ ለዚያ ሰሞን በልብስ ማጠቢያው ረዳት እንዲጨመርላት ሲያዙ ሰማሁ።

ሄድሁ። ከደባርቅ ወዲያ በጭነት መኪና ላይ፣ በዚያ በተራራው አንገት በሚዞረው መንገድ፣ ብርዱ ጆሮዬን ሲቆርጠው እንኳ እየዘፈንሁ ነው። ሥላሴ ዕለት ማኅበርተኛው ገባ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ቄሱ ዙሪያውን ቃኙና እንደ ልማዳቸው «ባለተራው የታለ?» አሉ።

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ነበረች። ሁለት እጇን ወደ እኔ ዘረጋችና ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ «ይኸውና!» አለች።

አደግድጌ ተነሣሁ፤ ጽዋውን ከቄሱ እጅ ተቀበልሁ። አባቴ ይቆምበት ከነበረው ምሰሶ አጠገብ ቆምሁ። እናቴ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ደጁን አላየችም። ሽማግሌዎቹም ሲመርቁ ‹ይህ ቤት ከነወንበሩ ይኑር› አሉ፤ የአባቴ ቦታ ተረፈ። ደስታዬን በቃላት መግለጽ አላውቅበትም፤ ቀድቼ ቀድቼ ክንዴ ዝሎ ሳለ እንኳ ማንንም አላስጠጋ አልሁ።

በማግሥቱ ግን የፓምፑ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። እኛ ቀበሌ ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ብቻ ነው። ወጣሁ። ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ ቆምሁ። መስመሩ መጣ። የተደወለ ነገር የለም፤ መልእክትም የለም። እንዲያውም ይኼ ይበልጥ አስፈራኝ። ደወልሁ።

«ሃሎ፣ የሺ! እንዴት ነው? ሮቶው?»

«ሞላ!»

«አቤት!»

«አንተን አይደለም የምልህ! ሮቶው ሞላ! ምነው ደወልህ?»

«ፓምፑስ?»

«ትናንት ጠዋት ደረቅ ጮኸብኝ። አጠፋሁት፣ አጠጣሁት፣ አስነሣሁት። እንግዳው ሁሉ እየታጠበ ነው፤ ውሃ እስኪያልቅ ነው የሚታጠቡት እነዚህ ሰዎች።»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?»

«እንዴ! ፈቃድ ላይ አይደለህም እንዴ?» ብላ ዘጋችው።

ጉብታው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። በሥራ ዘመኔ ሞተር ከሞት አስነሥቻለሁ፤ ማንም ያልቻለውን ብልሽት አግኝቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በቃሌ ዘጠኝ ማታ ገባሁ። እትዬ አልጋነሽ ግቢው ውስጥ አገኙኝና ሰላምታም ሳይሰጡ «ተከተለኝ» አሉኝ። ከመጨረሻው ፎቅ፣ ከመጨረሻው ክፍል አስገቡኝ፤ ውሃ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው ከዚያ ነው። ቧንቧውን እስከ ጥጉ ከፈቱት። ውሃው ገንፍሎ ቀሚሳቸውን ረጨው።

«ከሄድህ ጀምሮ እንዲህ ነው። እንግዲህ አንተ ምን ትሠራልኛለህ?»

«እትዬ፣ ይኼን ነዋ የምሠራልዎ» አልሁና ቧንቧውን አሳየኋቸው።

መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በሙሉ አፋቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሆቴል አንድ ሥርዓት ገባ። አዲስ ሰው ሲቀጠር፣ አብሳይም ይሁን አስተናጋጅ፣ እትዬ ቁልፍ ወይም ልብስ ከመስጠታቸው በፊት «አስቀድመህ የያዝኸው ቀን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሠርግ ያለው ይናገራል፣ ተስካር ያለው ይናገራል፣ በቦታው የሚቆመው ይዘጋጃል። አንድም ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከበር ላይ ሲመለስ አላየሁም። እኔም እዚያው አርጅቼ እዚያው ጡረታ ወጣሁ፤ አንድም ጥር ሥላሴ አላመለጠኝም። እናቴ እስካረፈችበት ዓመት ድረስ፣ ቄሱ በጠየቁ ቁጥር «ይኸውና!» ብላለች። አያ ደሴም ነፍሱን ይማርና ታሪኩን በሰማ ጊዜ «ሸጋ!» ብቻ ነው ያለው፤ ከእሱ አፍ ብዙ ነው።

ይህን ልጽፍ የተነሣሁት ግን ባለፈው ሳምንት በሆነው ነገር ነው። የሺ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተራምዳለች። ከፒያሳ ወረድ ብሎ የራሷን የልብስ ማጠቢያ ቤት ከፍታለች፤ የከተማው ሆቴል ግማሹ አንሶላውን እሷ ጋ ነው የሚልከው። ደወለችና «ጋሽ ሞላ፣ ቤት ተቀምጠህ ልትዝግ ነው? ፓምፔን የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ከገና በፊት ግባልኝ» አለችኝ። ባጃጅ ይዤ ሄድሁ። ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ቁልፍ አለ።

የዘመድ ያህል ነን፤ ነገሬን ሁሉ ታውቀዋለች። ቢሆንም በሩ ላይ ቆምሁ፤ ቆቤን አወለቅሁ።

«ወይዘሮ የሺ፣ ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት የማልኖርበትን ቀን ልንገርሽ። ጥር አምስት ጠዋት እሄዳለሁ፣ ጥር ዘጠኝ ማታ እመለሳለሁ። በቦታዬ የሚቆመውን ሰው...»

«እሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ» አለችና ተነሣች። ወደ ጓሮ፣ ወደ ፓምፑ ቤት ወሰደችኝ። «በል አስነሣው፤ ጡረታ ላይ ስትቀመጥ ረስተኸው እንደሆነ ልይ።»

ቡሿን ፈታሁ፣ አጠጣሁት፣ ገጠምሁ፣ አስነሣሁት። ድምፁ ሙሉ ነበር። ቀና ስል የሺ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እጇ ወደ ኋላ ተጣምሯል።

«ሸጋ ነው። ተፈቅዷል» አለችኝ።

«አሜን» አልሁ።